የስንት ሰዓት ፀሐይ

ሰባኪው ያቺን ቃል ባያነሳ ኖሮ ይህን አልጽፍም ነበር። ወይም እጽፍ ይሆናል፣ እንጃ። እኔ ነገር ሲወላወልብኝ ደሜ የሚፈላ ሰው ነኝ፤ አንድ ነገር ወይ ነው ወይ አይደለም፣ አለቀ። ይሄኛው ግን ይኸው እስከ ዛሬ ነውም አይደለምም ሊሆንልኝ አልቻለም።

ቀኑ ዓርብ ነው። ኩዌት ውስጥ የዕረፍት ቀን ዓርብ ስለሆነ ጉባኤያችንም ዓርብ ነው። መሐል ከተማ ባለ አንድ ግቢ ውስጥ የየአገሩ ሰው በአንድ አዳራሽ በየተራ ያመልካል፤ ከእኛ በፊት ፊሊፒኖች፣ ከእኛ በኋላ ሕንዶች ናቸው። የእኛ ሰባኪ ሲያስረዝም ሕንዶቹ በር ላይ ተኮልኩለው ሰዓታቸውን ያያሉ። የዚያን ቀን የሰበከው መነጽር ያደረገ፣ ቀጠን ያለ ወጣት ነው፤ አገር ቤት ሥነ መለኮት ተምሮ የመጣ፣ ትንሽ ትንሽ ግሪክ የሚያውቅ። የሚያስተምረው ስለ ቅንነት ነበር።

«በመጽሐፋችን ቅንነት ተብሎ የተተረጎመው ቃል በግሪኩ ኤይሊክሪኔያ ይባላል» አለና ቃሉን አስደገመን። ግማሾቻችን ምላሳችን ተሳስሮ ሳቅን። «ትርጉሙ በፀሐይ ብርሃን ተመርምሮ ያለፈ ማለት ነው። ጨርቅ ልትገዙ ስትሄዱ የሱቁን መብራት አታምኑም አይደል? ይዛችሁ ደጅ ትወጣላችሁ፣ በፀሐይ ታዩታላችሁ። ብል የበላው ከሆነ፣ የተጣፈ ከሆነ፣ ያን ጊዜ ይታያል። ቅን ሰው ማለት ደጅ ወጥቶ መታየትን የማይፈራ ሰው ነው።»

አዳራሹ አሜን አለ። እኔም አሜን አልኩ። አጠገቤ የተቀመጠችው ጓደኛዬ ግን አሜን አላለችም፤ እጄን ያዘችና ጥፍሯ መዳፌ ውስጥ እስኪገባ ጨመቀችው። ዞር ብዬ አላየኋትም። ለምን እንደጨመቀችው አውቃለሁ።

ይህቺ ጓደኛዬ ሐዋሊ ውስጥ አንድ ክፍል ተጋርተን የምንኖር፣ ሻርቅ ካሉት ፎቆች በአንዱ ሥር ካፌ የምትሠራ፣ በዕድሜ ከኔ የምታንስ ልጅ ናት። እኔ እዚያው ሐዋሊ የሴቶች ፀጉር ቤት ነው የምሠራው። በዚያን ሰሞን አሕመዲ ከተማ ሹፌር ሆኖ የሚሠራ የጉባኤያችን ሰው ላግባሽ ብሏት እሺ ብላዋለች። ዝምተኛ ነው፣ ወንበር የሚሰበስበው እሱ ነው፣ ዝማሬ ላይ ድምፁ አይሰማም። በእኛ ዘንድ ደግሞ ተዋደድን ተብሎ ዝም ብሎ አይጋባም። ሁለቱ ለሽማግሌዎች ያሳውቃሉ፤ ሽማግሌዎቹ አብሯቸው የሚኖረውን፣ አብሯቸው የሚሠራውን ይጠይቃሉ፤ ከዚያ ጉባኤው ፊት ቆመው ይነገርላቸዋል፣ ተቃውሞ ያለው ካለ ይናገር ይባላል። ጓደኛዬ ሊነገርላት ጥቂት ሳምንት ነበር የቀራት።

ችግሩ ልጅ አላት። ደሴ፣ እናቷ ቤት የምታድግ ሴት ልጅ።

የወለደቻት ገና ደብተር ይዛ ትምህርት ቤት ስትመላለስ ነው። የልጅቷ አባት የት እንደገባ አይታወቅም። እናቷ ሕፃኗን ታቀፉና «የኔ ናት» አሉ፤ ሰፈሩም ሲያንሾካሹክ ሲያንሾካሹክ ደክሞት ተወ። ልጅቷ አያቷን እማዬ፣ እናቷን እትዬ እያለች አደገች። ጓደኛዬ ኩዌት ስትመጣ ልጅቷ የሸኘቻት እንደ ታናሽ እህት ሆና ነው። እኔ ራሴ «እህትሽ ደህና ናት?» እያልኩ ስጠይቃት ኖሬያለሁ። አንድ ጊዜ ልጅቷ ታማ ሆስፒታል ገባች ተብሎ ሲደወል ጓደኛዬ ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ እየተንፈራፈረች ስታለቅስ «ለእህት እኮ እንዲህ አይለቀስም» ስላት ቀና ብላ አየችኝና «እህቴ አይደለችም» አለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ አፌን ቆልፌ ኖርኩ።

ለሹፌሩ አልነገረችውም። «ከተጋባን በኋላ ቀስ ብዬ» ትለኝ ነበር። ቀስ ብሎ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ጠይቄያታለሁ። ወሬ ትቀይራለች፣ ወይም ሻይ ልጣድልሽ ትላለች። እኔም አልተጫንኳት፤ የሰው ገመና ነው፣ ምን አገባኝ።

እንግዲህ ስብከቱ አለቀና ሕንዶቹ መግባት ሲጀምሩ ግቢው ውስጥ የውሃ ማቀዝቀዣው አጠገብ ቆሜያለሁ፤ ከሽማግሌዎቹ አንዱ መጡ። ኩዌት ውስጥ ያረጁ ሰው ናቸው፤ ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። ለራሳቸው ውሃ ቀዱ፣ ለኔም ቀዱልኝ። «ልጄ፣ እንግዲህ የእህታችንን ነገር ታውቂዋለሽ። አብራችሁ ነው የምትኖሩት። ልናውቀው የሚገባ ነገር አለ ወይ?» አሉኝ።

ምናለ ሌላ ዓርብ ቢጠይቁኝ። ያ ፀሐይ ፀሐይ የሚለው ነገር ገና ጆሮዬ ውስጥ ነው። «መልካም ልጅ ናት ጋሼ» ማለት ይቻል ነበር፣ ውሸትም አይደለም፣ መልካም ልጅ ናት። አፌን ከፈትኩ። «ጋሼ፣ እሷን ጠይቋት» አልኩ።

ውሃቸውን ጠጥተው ጨረሱ። «እሺ ልጄ» አሉና ሄዱ። ያን ጊዜ ነው ያልኩት ነገር የገባኝ። የት አባቴ ልግባ።

ወደ ሐዋሊ የሚመለሰው አውቶቡስ ላይ ጓደኛዬ ትከሻዬ ላይ ተኝታ እኔ ከራሴ ጋር እሟገታለሁ። እኔ ባደግኩበት ሰፈር ቅን ሰው ይባሉ የነበሩ ሴትዮ ነበሩ። አንድ ጊዜ ጎረቤታችን ልጇ ተይዞ ታሰረ፤ አገር ምድሩ ያውቃል። እኚህ ሴትዮ ወደ እናትየው ቤት ገብተው ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጎመኑ ሲያወሩ አምሽተው ወጡ። ስለ ልጁ ቃል አልተነፈሱም። እናትየው ለዓመታት «የሷን ቅንነት ልብ ነው የማይረሳው» ትል ነበር። እኔ ቅንነትን የማውቀው እንዲያ ነው፤ አይቶ እንዳላየ መሆን። አሁን ደግሞ ግሪኮቹ ተነሱና አውጪና ፀሐይ ላይ አስጪው አሉኝ። ማንን ልስማ?

እኔ ስለ ፀሐይ የማውቀው ደግሞ ከሥራዬ ነው። የሴቶች ፀጉር ቤት መስኮቱ በሙሉ በወረቀት ይሸፈናል፣ ወንድ እንዳያይ። ውስጡ ቀኑን ሙሉ መብራት ነው። ቀለም የምንቀባው በመብራት፣ ያማረ ያላማረ የምንለውም በመብራት ነው። በዚያው ሳምንት አንዷ ደንበኛ ቡኒ ቀለም ቀብቻት፣ መስታወት ፊት ተገላብጣ አይታ፣ ስማኝ ወጣች። ብዙም ሳትቆይ በሩን በርግዳ ተመለሰች። ቀትር ላይ መኪናዋ መስታወት ውስጥ አይታው ኖሯል፣ ብርቱካን ሆኖባታል። ማዳም፣ የፀጉር ቤቱ ባለቤት፣ በዓረብኛ አስቀምጣ ታረጋጋታለች፣ እኔን በዓይኗ ትገለምጠኛለች። ማታ ሊመሽ ሲል ያቺው ደንበኛ መልእክት ላከች፤ አሁን ሳየው በጣም ያምራል፣ ተዉት፣ አትቀይሩት። የኩዌትን የቀትር ፀሐይ የማያውቅ ሰው ነው በፀሐይ እይው የሚለው። ጥቁሩንም ያገረጣዋል። እሺ ፀሐይ፤ የስንት ሰዓት ፀሐይ?

ይህን ጥያቄ ለማን እንደምጠይቅ ሳስብ ጓደኛዬ ከሥራ መጣች። ቦርሳዋን አላስቀመጠችም።

«ጋሼን ምን አልሻቸው?»

«ምንም።»

«ምንም ብለሻቸው ነው ካፌ ድረስ መጥተው ‹ልጄ፣ የምትነግሪን ነገር ካለ እኛ አባቶችሽ ነን› የሚሉኝ?»

«እሷን ጠይቋት ነው ያልኳቸው። ሌላ ቃል ከአፌ አልወጣም።»

ሳቀች፤ ሳቋ ግን አላማረኝም። «እሷን ጠይቋት ማለት እኮ አዎ፣ ነገር አለ ማለት ነው። ሐበሻ አይደለሽም እንዴ? ባዶ ከሆነ ‹ኧረ ምንም የለም ጋሼ› ነው የሚባለው!»

እውነቷን ነው። እኔም ብሆን እንደዚያ ነው የምሰማው። ግን ተሸናፊ መሆን አልወድም፤ «እና ልዋሽልሽ ነበር?» አልኳት።

«መዋሸት አልነበረብሽም። ዝም ትዪልኝ ነበር። ቅናት ነው የያዘሽ፤ አንቺን ጠያቂ ስለሌለሽ ነው።»

ይሄ አንጀቴን ቆረጠው። እኔም መልሼ «ልጇን እህቴ እያለች የምትኖር ሰው እኔን ቅን አይደለሽም ልትለኝ ነው?» አልኳት። ቦርሳዋን አልጋው ላይ ወርውራ መታጠቢያ ቤት ገባች። ውሃውን ለቃው ነበር፣ እኔ እንዳልሰማት። ክፍላችን ጠባብ ናት፣ ሁለት አልጋ መሐል አንድ ሰው በጎን ነው የሚያልፈው፤ ተኮራርፎ ለመኖር አትመችም። ያም ሆኖ ተኮራረፍን።

ያቺ ቅናት ያለቻት ነገር ግን ሰቅዛ ያዘችኝ። ቀንቼ ይሆን? ሹፌሩን ለራሴ አልተመኘሁትም፣ እግዚአብሔር ያውቃል። ግን እሷ ስታገባ እኔ ብቻዬን ነኝ፤ ሌላ ሰው ፈልጌ ክፍሉን መጋራት፣ ከማላውቃት ሴት ጋር አንድ መብራት ማብራትና ማጥፋት። ይህ ሁሉ «እሷን ጠይቋት» ውስጥ አልነበረበትም ብዬ መማል አልችልም። መማልም ፈልጌ አቃተኝ።

ጓደኛዬ ከዚያ በኋላ ያደረገችውን የነገረችኝ በኋላ ነው። ለሽማግሌው መልስ አልሰጠችም። ሹፌሩን ደውላ ጠራችው፤ መኪናውን ባሕሩ ዳር አቁሞ ካርቶን ጁስ ሲከፍትላት ሁሉንም ዘረገፈችለት። ልጅቷን፣ እናቷን፣ እማዬና እትዬውን። እሱ ጁሱን እንደያዘ ሰማት። ስትጨርስ «እሺ» አለ፤ ቤቷ በር አድርሶ «ደህና ሁኚ» አላት። ከዚያ ስልኩ ጠፋ።

ቀናት አለፉ። ስልኳን ትራሷ ሥር ታደርጋለች፣ ታወጣለች፣ ታያለች። መብላት አቆመች። እኔ ተኮራርፈናል ብዬ ምግቡን ሠርቼ ድስቱን ከፍቼ እተወዋለሁ፣ ስመለስ እንደተከፈተ ነው። አንድ ቀን ምንም ሳትናገር መጥታ እግሬ ሥር ተቀመጠችና «ፀጉሬን ሥሪኝ» አለችኝ። ሠራኋት። ይቅርታ ማናችንም አላልንም። እኔ ብቻ «ይደውላል» አልኳት፤ እንደሚደውል በምን አውቄ።

በሚቀጥለው ዓርብ እሷ ጉባኤ አልሄድም አለች። እኔ ሄድኩ፤ ሰባኪውን ልጠይቀው። ወንበር ሲደራረብ ጠብቄ ያዝኩት።

«ያ የባለፈው ቃል» አልኩት፣ «የፀሐዩ። የስንት ሰዓት ፀሐይ ነው?»

የምቀልድ መስሎት ሳቀ። ስለ ፀጉር ቀለሙ ስነግረው ሳቁን አቆመ፤ መነጽሩን አወለቀና በሸሚዙ ጫፍ ጠረገው። «እህቴ፣ እውነቱን ልንገርሽ? ፀሐይ ነው የሚሉ አሉ። ሌሎች ደግሞ አይደለም፣ ቃሉ የመጣው ከወንፊት ነው ይላሉ፤ እየተነቀነቀ፣ እየተንቀጠቀጠ ከሚያበጥር። ትርጉሙ ያልተቀላቀለ፣ ተጣርቶ የወጣ ማለት ይሆናል። የትኛው እንደሆነ በእርግጥ የሚያውቅ ሰው የለም።»

«ታዲያ ለምን ፀሐይ ነው ብለህ ሰበክህ?»

አንገቱን ደፋ። «ፀሐይቷ ለስብከት ደስ ስለምትል» አለኝ።

በሌላ ቀን ቢሆን እጮህበት ነበር። የዚያን ቀን ግን አዘንኩለት፤ ቢያንስ አልዋሸኝም። «ቆይ፣ አንቺ ምን ገጠመሽ?» ብሎ ሲጠይቀኝ ምንም አልኩት። መጣራቱ የሌላ ሰው ጉዳይ አይደለም፣ ያ ነው የገባኝ። ፀሐይ ከሆነ ጓደኛዬን አውጥቼ ማሳየት ነው። ወንፊት ከሆነ ደግሞ ራሴን ነው የማበጥረው፤ ያቺን ያልኳትን ነገር፣ ምኗ እውነት፣ ምኗ ቅናት፣ ምኗ ብቻዬን መቅረትን መፍራት እንደሆነ። ወደ ቤት ስመለስ ባለኝ ወንፊት ሁሉ ባበጥረውም አልለይ አለኝ። ስሄድ አንድ ጥያቄ ነበረኝ፣ ስመለስ ሁለት ሆነ።

ሹፌሩ በዚያው ሳምንት መጣ። ሳይደውል፣ ከሰዓት በኋላ፣ ሕንጻችን በር ላይ መኪናውን አቁሞ ቆመ። እኔን ሲያይ «አንቺም ነይ» አለኝና ሦስታችን መኪናው ውስጥ ገባን፤ እነሱ ከፊት፣ እኔ ከኋላ። ማቀዝቀዣውን ከፈተ፣ ዘጋ፣ እንደገና ከፈተ።

«መውለድሽ አላስቀየመኝም» አለ፣ ከፊቱ ያለውን መንገድ እያየ። «እኔ አባዬ እያልኩ ያደግኩት ሰው አጎቴ ነበር። ማንም አልነገረኝም። ያወቅኩት እሱ ሲሞት፣ ልቅሶው ላይ ነው። አንዲት ሴትዮ አቅፋኝ እያለቀሰች ‹አንተ እኮ አባትህን ያጣኸው ገና በሕፃንነትህ ነው› አለችኝ። በአንድ ቀን ሁለት ሰው ቀበርኩ። ማንን አባት እንደምል ጠፍቶኝ ስንት ዘመን ኖርኩ። ይቺ ልጅ እንደኔ በሰው ልቅሶ እንድትሰማው አልፈልግም። አንቺ ንገሪያት። ካላወቀች እኔ ጉባኤ ፊት አብሬሽ አልቆምም።»

ጓደኛዬ ራሷን ነቀነቀች፤ እሺ ማለቷ ይሁን አይሁን ከኋላ አልታየኝም። እኔ ይህ ሰው ይህን ያህል ቃል በአንድ ጊዜ ሲናገር ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ልክ ነው፣ በቃ ልክ ነው ብዬ ከመኪናው ወረድኩ።

ያ ልክነት ግን ማታ ድረስ እንኳ አልቆየልኝም። ጓደኛዬ ለእናቷ ደወለች። ድምፃቸው ከስልኩ ወጥቶ ክፍሉን ሞላው። «ከተወለደች ጀምሮ እማዬ ያለችኝን ልጅ፣ አሁን ማን ነሽ እንድትለኝ ነው? ጡጦ ይዤ የተነሳሁት እኔ፣ ትምህርት ቤት ያመላለስኳት እኔ። ወንድ ስላገኘሽ ነው ልጅ የናፈቀሽ? ልጄን አታደናግሩብኝ!» ጓደኛዬ «እማዬ፣ እማዬ» ብቻ ትላለች። በመጨረሻ አሮጊቷ ደከሙ። «እኔ አልነግራትም። ከነገርሻት አንቺ ንገሪያት። እኔ ጓዳ ነው የምገባው» ብለው ዘጉት።

እሳቸውም ልክ ናቸው። ያሳበደኝ ይሄ ነው። ሹፌሩን ስሰማ እሱ ልክ ነው፣ እናቷን ስሰማ እሳቸው ልክ ናቸው፣ ጓደኛዬን ሳይ ደግሞ አንጀቴን ትበላኛለች። «አንቺ ብትሆኚ ምን ታደርጊያለሽ?» ብላ ጠየቀችኝ። ለሁሉ ነገር መልስ የማላጣው ሴትዮ፣ የሐዋሊ ዳኛ ይሉኛል የፀጉር ቤት ልጆች፣ እንጃ አልኳት። እንጃ። እሷ ግን ወስና ነበር። እጮኛዋን አጥታ ልጇን እህት ብላ ከመኖር፣ ሁለቱንም በእውነት መያዝ እንደሚሻላት ነገረችኝ፤ ስትነግረኝ ፊቷ የተረጋጋ ነበር፣ እኔ ነኝ የፈራሁት።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ደወለች። ሹፌሩ ክፍላችን ውስጥ ባለችው አንድ ወንበር ላይ፣ ከካሜራው ውጭ፣ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። እኔ አልጋዬ ላይ ነኝ። ጓደኛዬ ስልኩን ትራስ ላይ አስደግፋ መሬት ላይ ቁጭ አለች። ልጅቷ ስክሪኑ ላይ ብቅ አለች፤ ግማሽ ፀጉሯ ተሠርቶ ግማሹ እንደተፈታ ነው፣ ሠሪዋ መሐል ላይ ትታት ጓዳ እንደገባች ያስታውቃል።

«እትዬ፣ የላክሽው ልብስ ጠበበኝ እኮ» አለች ገና ሰላም ሳትል። «አድጌያለሁ ብዬሽ አልነበር? አንቺ ሁልጊዜ ትንሽ ነው የምትዪኝ።»

«አድገሻል» አለች ጓደኛዬ። «በጣም አድገሻል። ስሚኝ የኔ ቆንጆ። አንድ ነገር ልነግርሽ ነው። አንቺ ምንም አላጠፋሽም፣ እማዬም አላጠፋችም።»

ልብሱን የያዘችው እጇ ወረደ።

«እኔ እህትሽ አይደለሁም። የወለድኩሽ እኔ ነኝ። እናትሽ እኔ ነኝ።»

ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም። ስትለማመደው እንደሰነበተች ያን ጊዜ ገባኝ። እኔ የአልጋ ልብሱን በጣቶቼ ጨብጫለሁ። ልጅቷ ፈገግ አለች፣ ቀልድ እንደሚጠብቅ ሰው። ቀልዱ ሳይመጣ ሲቀር ፈገግታዋ ጠፋ።

«እማዬስ?» አለች።

«እማዬ የኔ እናት ናት። ላንቺ አያትሽ ናት። ግን ያው እማዬ ናት፣ ምንም አይቀየርም።»

ልጅቷ ፊቷን ከስልኩ አዞረችና ወደ ጓዳው ተጣራች፤ ድምፅዋ ፈርቷል። «እማዬ፣ ነይ እስኪ። እትዬን አሟታል መሰለኝ። የምትለው ነገር አይገባኝም፣ ነይ አናግሪያት።»

አሮጊቷ ብቅ አሉ። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ዓይናቸው ቀልቶ። ሁሉን እያወቁ «ምን ሆንሽ ልጄ?» አሉ። ልመና ነበር ያሉት፣ ጥያቄ አልነበረም። ከኋላቸው ልጅቷ የነጠላውን ጫፍ ይዛ ትታያለች።

ጓደኛዬ መጀመሪያ እኔን አየችኝ። ሹፌሩን አየችው፤ እያየችውም ትዳሯን እያየች እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። ከዚያ ወደ ስልኩ ተመለሰች።

«አዎ እማዬ» አለች። «ትንሽ አሞኛል።»

ልጅቷ ነጠላውን ለቃ ወደ ካሜራው ተጠጋች። እንባዋ መውረድ ጀምሯል። «እትዬ፣ ልትሞቺ ነው እንዴ?»

ጓደኛዬ አፏን በእጇ ያዘች። ወንበሩ ሲንቀሳቀስ ሰማሁ። ሹፌሩ ተነስቷል። በቃ ወጥቶ ሄደ ብዬ አሰብኩ። እሱ ግን ጎንበስ ብሎ ስልኩን ከትራሱ ላይ አነሳና በሁለት እጁ ፊቱ ላይ ያዘው።

«አትሞትም የኔ ልጅ» አላት። «አይዞሽ። ትተኛና ይሻላታል።»

ልጅቷ እንባዋን በእጅጌዋ ጠርጋ አየችው። «አንተ ማነህ?»

ጓደኛዬን ቁልቁል አያት።

«እህትሽን የማገባት ሰው ነኝ» አላት።